የኋላ ኋላ

ሌሊቱን ክኒን ሳድል፣ ትራስ ሳስተካክል፣
በአዛውንቶቹ ቤት መብራት ሳበራ ሳጠፋ፣ ከፔዮ ሳል ጋር ስታገል፣
ሲነጋ ቁልፉን ለተረኛዋ ነርስ አስረክቤ፣
ሁለት ሙዝ በማልያዬ ኪስ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሠራ ልቤ፣
ይኸው ወጣሁ ደግሞ።

በሩ ላይ ቆመዋል፣ ቤኛትና ኦይየር።
ቤኛት ሥጋ ሻጭ ነው፤ ለብስክሌቱ ግራም የሚቆጥር፣
ቀላል ኮርቻ ሊገዛ የወር ገቢውን የሚበትን፣
ሆዱን ግን ሚዛን ላይ አውጥቶ የማያውቅ አንድም ቀን።
ኦይየር የሒሳብ መምህር፣ ዳገቱን በመቶኛ የሚያሰላ፤
እኔ ማያለን ነኝ፤ ከሁለቱም ኋላ።

እስከ ድልድዩ አብረን ነን፤ ወሬ አለ፤
ማን ቢጫውን እንደሚያጠልቅ፣ ማን ትናንት እንደዛለ፣
የማን ጎማ እንደፈነዳ፣ ማን ጓዱን እንደከዳ፤
ጨዋታ የሚደምቀው መንገዱ ሲሆን ሜዳ።
ከድልድዩ ወዲያ አስፋልቱ ቀና ሲል ወሬው ረገፈ፤
አንዱ ማርሽ ቀየረ፣ ሌላው እያለከለከ አለፈ።
እኔ ቀረሁ፣ ከፒሬኔ ጉም፣ ከላሞቹ ቃጭል ጋር፣
ከጉልበቴ ጋር ስሟገት፣ ስለሌለኝ ጉልበት ስናገር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል።
እውነት ነው፤ ሄዷል፤
ዐሥራ አንደኛው ጥምዝ ላይ እኔንም አልፎኛል።

ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ። ጫፉ ላይ ስደርስ
ቤኛት ሳንድዊቹን ጨርሷል፤ ኦይየር ሬዲዮ ሊጠግን ሲያፈርስ።
ሕዝቡ በግራ በቀኝ፣ ከመኪና ጣሪያ፣ ከድንጋይ አጥር፤
ሕፃን ባባቱ ትከሻ፣ አሮጊት ባጣፊ ወንበር።
አስፋልቱ ስም በስም ሆኗል፣ ገና ያልደረቀ ቀለም፤
የመሪው ስም ሰባት ቦታ፤ የመጨረሻው የትም የለም።

አራት ሰዓት ጠበቅን።
ከዚያ ሄሊኮፕተር፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ ጩኸት፤
ከዚያ እነሱ።
የካቴና ድምፅ፣ በወንፊት እንደሚነፋ እህል፤
የዘይት ሽታ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የተከፈተ አፍ፣ ግንባር ላይ ጨው።
ስም ልጠራ አፌን ስከፍት
ጀርባቸውን ነው ያየሁት።
«ዐሥራ ሁለት ሰከንድ» አለ ኦይየር።

ሰዉ ወንበሩን ሲያጥፍ፣ ባንዲራውን ሲጠቀልል፣
እኔ ዓይኔን ከጥምዙ አልነቀልኩም፤ አንድ ሰው ይቀራል።
ወደ ኋላ የቀረ ሰው ሳይመጣ ይታወቀኛል።

መጣ።
ከኋላው መጥረጊያው መኪና፣ እንደ ለቀስተኛ እየተጎተተ፤
ክርኑ ደምቶ፣ ማልያው ጎኑ ላይ ተተልትሎ፣
ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም፤ ራሱን እንደ ደከመ በቅሎ
በየፔዳሉ ይነቀንቃል።
ቤኛት ሊገፋው ሮጠ። «ተው! ይቀጡታል።»
እኔ አልጮኽኩም። «አይዞህ» እንኳን አላልኩም፤
አይዞሽ የሚሉኝ ሁሉ ደርሰው፣ አርፈው፣ በልተው ነው የሚሉኝ።
ዝም ብዬ ጎን ለጎን ሮጥኩ፣ በብስክሌት ጫማዬ፣ ቀጭ ቀጭ እያልኩ፣
ስምንት እርምጃ፣ ምናልባት ዘጠኝ።
ዘወር ብሎ አየኝ።
ኮዳውን ለቀቀው፤ እግሬ ሥር ተንከባለለ።

ሰኞ ማታ ፔዮ፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ፣
ውድድሩ ሜዳ ላይ ሲሆን ቴሌቪዥኑ ፊት የሚያንኮራፋ፣
ዳገት ሲጀመር ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው የሚነቃ፣
እንደ ወትሮው ጠየቀኝ፤ «ስንተኛ ወጣሽ?»
«የመጨረሻ።»
ኮዳውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ነቀነቀው፤
ከውስጡ ትንሽ ቀርቶታል።
«የአሸናፊው ነው?»
«የለም፤ እሱም የመጨረሻ ነው።»
ሳቀ፤ ሳሉ እስኪነሣበት ሳቀ።
«ታዲያ ዘመድሽ ነዋ!»
ነርስ ነኝ፤ ልከለክለው ይገባኝ ነበር።
ክዳኑን በተረፉት ሦስት ጥርሶቹ ከፈተ፣
ቀመሰ።
«ሞቋል» አለ ፊቱን አጨማዶ። «ስኳርም በዝቶበታል።»
ከዚያ ደገመው።